ወደ ታች መውጣት

አባቷ ውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ልጅ ምስጢር የላትም።

የዚህች ልጅ አባት ሃያ ዓመት ሙሉ በየወሩ የሰፈሩን በር ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ነው። ቆጣሪው ላይ አጎንብሶ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ እስኪያሰፍር ድረስ አፉ ሥራ አይፈታም። ማን ወለደች፣ የማን ጣሪያ አፈሰሰ፣ የማን ልጅ ሥራ ያዘ፣ የአንዱን ቤት ወሬ ለቀጣዩ ቤት ያደርሳል። ሰፈሩ «ጋሽ ውሃ» ይለዋል። ልጁን ደግሞ የክፍሏ ልጆች «ቆጣሪ» ብለው አወጡላት፤ ስሙም እንደ ማስቲካ ተጣበቀባት።

የዛሬ አራት ዓመት ቆጣሪ የምርጦቹን ትምህርት ቤት ፈተና ስታልፍ፣ አባቷ የአንድ ሳምንቱ ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። በየደጁ ቆሞ «የመንግሥት ነው፣ ክፍያ የለውም፤ ግን ገንዘብ ቢኖርህም አትገባም! በዚህ ብቻ ነው!» እያለ ግንባሩን በእስክሪብቶ ሲያንኳኳ ይውል ነበር። ትምህርት ቤቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ከየሰፈሩ ጎበዝ የተባሉትን በፈተና ለቅሞ ይወስድና እዚያው እያሳደረ ያስተምራል። እዚያ የገባ ልጅ ዶክተር ሆኖ ይወጣል ይባላል። ማን እንዳለው ግን የሚያውቅ የለም።

ያን ሰሞን በሰፈሩ ውስጥ ፊቱ ያልፈካ አንድ ልጅ ነበር። ስምንት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ አብሯት የተቀመጠው ረጅሙ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እሷ አንደኛ ስትወጣ እሱ ሁለተኛ ይወጣል፤ እሱ ሁለተኛ ሲወጣ እሷ ከረሜላዋን ታካፍለዋለች። ያንኑ ፈተና ተፈትኖ በአንድ ነጥብ ቀረ። አንድ ነጥብ ምን ታክላለች ቢባል፣ እነዚህን ሁለቱን የጠየቀ ሁለት አውቶቡስ ታክላለች ይሉታል። ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው የተዘረጋው መንገድ ያን ያህል ነበርና።

የሄደች ቀን ፍራሿን ተሸክሞ አውቶቡሱ ላይ የጫነላት እሱ ነው። እሷ ዓይኗን ከሱ ላይ ልትነቅል አልቻለችም።

«ምን ታዪኛለሽ?» አላት። «ሂጂ እንጂ! እንዳትረሺኝ አልልሽም፤ ይህ ቁመት እንደሆነ አያስረሳም።»

ሳቀች። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ዞር ብላ አየችው፤ እሱም ከሰው ሁሉ በላይ ብቅ ብሎ ቆሟል፣ እጁን ግን አላወዛወዘም። ጓደኛዬ ነው ስትለው የኖረችው ልጅ ከዚያ በላይ እንደሆነ ያወቀችው ያን ጊዜ፣ ልትነግረው በማትችልበት ሰዓት ነው።

*

ምርጦቹ ዘንድ የመጀመሪያው ውጤት ሲለጠፍ ልጅቷ ስሟን ከላይ መፈለግ ጀመረች። ልማድ ነው። ከላይ አጣችው። ወረደች፣ ወረደች፣ አንገቷ ዝቅ እስኪል ወረደችና አገኘችው፦ ከመቶ ሃያ ተማሪ አምሳ ሁለተኛ። ቁጥሩ ተገልብጦ ሃያ አምስት ይሆን እንዴ ብላ ሁለቴ አየችው። አልተገለበጠም።

ለአባቷ መንገር ለሰፈሩ መንገር ነው። ስለዚህ የነገረችው ለረጅሙ ብቻ ነው። ማደሪያው ስልክ አይፈቅድምና ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። እሱም እንዲህ ሲል መለሰላት፦

«አምሳ ሁለተኛ መውጣትሽ ገረመኝ። እኔ ደግሞ አንደኛ ወጣሁልሽ። እንደምታስቢው ደስ አይልም። አጠገቤ የሚያስፈራኝ ሰው የለም።»

ይህን ደብዳቤ ትራሷ ሥር አድርጋ ስንት ሌሊት እንደተኛች እሷ ታውቃለች። ሦስት ዓመት በደብዳቤ አለፈ። ለዕረፍት ስትመጣ ከአውቶቡስ መውረጃው እስከ ቤቷ ያለውን የሃያ ደቂቃ መንገድ ሁለቱ በአንድ ሰዓት ይሄዱት ነበር። እጇን የያዛት በሦስተኛው ክረምት ነው፤ መንገድ ለማሻገር ይመስል ያዛት፣ ከተሻገሩ በኋላ ግን መልቀቁን ረሳ። እሷም አላስታወሰችውም። «እወድሻለሁ»፣ «እወድሃለሁ» የሚሉት ቃላት በሁለቱም አፍ ውስጥ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ቀሩ።

በዚያ ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ደረጃዋ ሠላሳ አንደኛ ደርሶ ነበር። ሠላሳ አንደኛ ግን የትም አያደርስም። ሁሉም የሚመኘው ሕክምና ኮሌጅ አንድ ደንብ አለው፦ ከምርጦቹ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ዓመት ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ያጠናቀቁትን ይወስዳል፤ ከየሰፈሩ ትምህርት ቤት ደግሞ አንደኛውን ብቻ ይወስዳል። ሁሉም ዘንድ ይድረስ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው።

ምርጦች ሞኞች አይደሉም። ሠላሳኛ ከመሆን ሰፈር ተመልሶ አንደኛ መሆን እንደሚሻል ለማወቅ የሂሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። በየዓመቱ፣ የመጨረሻው ክፍል ሲጀመር፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተማሪው ፍራሹን እየጠቀለለ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህን «ወደ ታች መውጣት» ይሉታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት አልጋ ያለው ክፍል ሦስት ሰው ይቀረዋል።

ልጅቷም ፎርሙን ሞላች። አባቷ ቆጣሪ በሚያነብበት እስክሪብቶ ፈረመላት። ሕክምና መማር ምኞቷ ነው፤ ከዚያም በላይ ግን ያ ዴስክ፣ ያ ረጅም ልጅ፣ እንደገና አንድ ዓመት አጠገቡ መቀመጥ! ደስታዋ ሌላውን ነገር ሁሉ አስረሳት። በዚያ ትምህርት ቤት አንደኛ የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አስረሳት።

ያስታወሷት የረጅሙ እናት ናቸው።

*

የረጅሙ እናት የሰፈሩ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ እስከ ጣሪያ ድረስ ፋይል ተደርድሮባታል፣ በመስኮቷ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ጩኸት ይገባል። ልጅቷ ስትገባ ተነስተው ጉንጯን ሳሟት።

«ውይ ቆጣሪዬ! ቀጠንሽ እኮ! አያበሏችሁም እንዴ እዚያ?»

«ያበሉናል፣ እትዬ። ፎርም ይዤ መጥቼ ነው።»

ፎርሙን ተቀበሉ። አነበቡት። አንብበው ከጨረሱ በኋላም ዓይናቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሱም። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ትልቁን መዝገብ አውርደው ፊቷ ዘረጉት። በሦስቱም ዓመት የላይኛው መስመር ላይ ያለው ስም የልጃቸው ነው፣ በራሳቸው ውብ የእጅ ጽሕፈት።

«ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል» አሉ። «ሰው እናቱ ናት የጨመረችለት እንዳይል የሱን ውጤት አራት ጊዜ ነው የምደምረው። የሌላውን ሁለት ጊዜ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ደንቡንም ታውቂያለሽ። ከእኛ አንድ ልጅ ነው የሚወሰደው።» ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አትምጪ አልልሽም። መብትሽ ነው። ይምቱልኝ ካልሽ አሁኑኑ እመታዋለሁ። ግን የኔ ልጅ፣ ስምንት ዓመት አንቺን አንደኛ እሱን ሁለተኛ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ የምርጦቹ ተማሪ ነሽ፤ ብትወድቂም አንድ ቦታ ትያዣለሽ። እሱ ያለው ይህች መስመር ናት።»

ልጅቷ ማኅተሙን አየች፣ የሴትየዋን እጅ አየች። እኚህ ሴት በልጅነቷ አፍንጫዋን በመሀረባቸው የጠረጉላት፣ ጉልበቷ ሲደማ ያጠቡላት ሴት ናቸው። እሳቸውን እምቢ ለማለት አንጀቷ አልጨከነም።

ፎርሙን አንስታ አራት ላይ አጠፈችው።

«እንዳትነግሪው» አሉ የረጅሙ እናት። «ኩሩ ነው። ካወቀ ይሞታል።»

«ሆድ ይፍጀው፣ እትዬ» አለችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስታልፍ ከአንደኛው ክፍል ውስጥ የረጅሙን ሳቅ ሰማች። ገባ ብላ ልታየው ፈለገች፤ ካየችው ግን ፊቷ ሁሉን ይናገርባታል። እግሯን እየጎተተች ወደ አውቶቡሱ ሄደች፤ መንገዱን ሁሉ ያ ሳቅ በጆሮዋ ነበር።

ለአባቷ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አለችው። ለረጅሙ ደግሞ ደብዳቤ ጻፈች። ለምን እንደሆነ እንዳይጠይቃት፣ መጠየቅ እንኳ እስኪያስጠላው ድረስ ሊያናድደው የሚችል ምክንያት ፈለገች፦ «እዚሁ መቆየት ይሻለኛል። የእናንተ ትምህርት ቤት እኮ ቤተ ሙከራ እንኳ የለውም።» እንዲህ ያለ ክፉ ነገር በሕይወቷ ጽፋ አታውቅም። ፖስታውን ስታሽግ ምላሷ መረራት።

መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «እሺ። ከነቤተ ሙከራሽ ይመችሽ።»

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የማደሪያዋ ኃላፊ ደረጃው ላይ ቆመው የደብዳቤ ባለቤቶችን ስም ይጠራሉ። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። ከኋላ ቆማ ትሰማለች፣ ፖስታዎቹ አልቀው የኃላፊዋ እጅ ባዶ ሲሆን ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ክፍሏ ውስጥ ፍራሽ የሌላቸው አምስት አልጋዎች ነበሩ፤ ሽቦዎቻቸው ብቻ። አንዳንዴ ከነዚያ አልጋዎች አንዱ ላይ ቁጭ ትላለች፣ በራሷ አልጋ ላይ ብቻዋን መሆን ሲከብዳት።

*

ውጤት ወጣ። ከፊቷ የነበሩት ብዙዎቹ ወደ ታች ስለወጡና እሷም ዓይኗ እስኪቀላ ስላጠናች አሥራ አራተኛ ሆነች። አራት ሰው! ምኞቷ በአራት ሰው ቀረ። መምህራን ኮሌጅ ደረሳት። ረጅሙ ከሰፈሩ ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቶ ሕክምና ኮሌጅ ገባ።

ጋሽ ውሃ ያን ወር ሥራውን በሁለት ቀን ጨረሰ። በሩን ያንኳኳል፣ ያነብባል፣ ይሄዳል። «ልጅቷስ?» ሲሉት «ደህና ናት» ይላል። ሃያ ዓመት ያልተዘጋ አፍ እንዲህ ሲዘጋ ማየት ልጅቷን ከአሥራ አራተኝነቷ በላይ አመማት። እናቷም በቤት የለችም፤ ሌላ ከተማ ያለች አራስ እህቷን ልታርስ ሄዳለች። አባትና ልጅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚያወሩት ስለ ጨው ማነስ ነበር።

ረጅሙ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው እናቱ ጎረቤት ጠሩ። ልጅቷ አልሄድም አለች።

«ካልሄድሽ ቀናች ይሉሻል» አላት አባቷ።

«ይበሉኛ።»

«አንቺን ቢሉሽ ግድ የለም። እኔ ነኝ በየበሩ የምሄደው።»

ሄደች።

ቤቱ ውስጥ ከየጎረቤቱ የተለቀሙ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ለስላሳና ኬክ እየዞረ ነው። ረጅሙ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጅጌው አጥሮበታል፣ ሁልጊዜም እንደሚያጥርበት። ስትገባ አያት። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አንድ ዓመት ያልተያዩ ሰዎች ናቸው። የሱ ዓይን ሊስቅ ከጅሎ የሆነ ነገር ትዝ አለውና ወደ ግድግዳው ዞረ። የትዝታው ምክንያት ያ ቤተ ሙከራ እንደሆነ ልጅቷ ታውቃለች። ጥግ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያልጠማትን ለስላሳ ጠጣች።

ነገር የሚያነሳ ሰው አይጠፋምና የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ወደ አባቷ ዞረ።

«እኔ የምለው ጋሽ ውሃ፣ ሌሎቹ ምርጦች ሁሉ በመጨረሻው ዓመት ወደየሰፈራቸው ተመልሰው አንደኛ ወጡ አሉ። ያንተዋን ምን ያዛት? ኩራት ነው?»

ጋሽ ውሃ ስለ ራሱ ቢሆን ስቆ ያልፍ ነበር። ስለ ልጁ ግን አልቻለም።

«የምን ኩራት!» አለ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። «ልጄ አልኮራችም! ፎርሙን ሞልታ እኔው ነኝ የፈረምኩላት። ይዛም መጥታ እዚሁ መዝገብ ቤት ድረስ ወስዳዋለች። ከዚያ ነው ሐሳቧን የቀየረችው። እትዬ ራሳቸው ያውቃሉ። አይደለም እንዴ እትዬ?»

የረጅሙ እናት ኬክ የያዘ ትሪ ይዘው መሀል ላይ ቆመው ነበር። አዎም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ። ትሪው ላይ ያሉት ሹካዎች መንቀጫቀጥ ጀመሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ይህ ነው። ረጅሙ እናቱን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ እንደገና እናቱን አየ። ማንም ምንም አልነገረውም፤ እሱ ግን ጎበዝ ተማሪ ነው።

ልጅቷ ጠርሙሷን አስቀምጣ በጓሮ በር ወጣች። ሮጣ ወደ ቤቷ መግባት ነበረባት፤ ግን ጓሮው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ቆመች። ከኋላዋ ኮቴውን ሰማች።

«መጥተሽ ነበር?» አላት።

«መጥቼ ነበር።»

«ፎርሙን ይዘሽ?»

«አዎ።»

«አጠገቤ ያለውን ወንበር ሁለት ሳምንት ቦርሳዬን እያስቀመጥኩ ይዤልሽ ነበር» አለ። «ሰው ሲመጣ ተይዟል እላለሁ። ማን ያዘው ሲሉኝ እስቃለሁ። የሳቅኩት ሳቅ ራሱ አሁን ያሳፍረኛል። እናቴ ናት አይደል? ምን አለችሽ?»

«እሳቸው ማኅተሙን አውጥተው ሰጥተውኛል። የወሰንኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስለምወድህ!»

አለችው። አራት ዓመት አፏ ውስጥ ሲጠበቅ የኖረው ቃል ወጣ። ስትመኘው የኖረችው ግን እንዲህ በጩኸት፣ በሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠገብ፣ በጥፋት ምክንያትነት እንዲወጣ አልነበረም። ረጅሙ ለአፍታ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ጠፋ።

«እኔም እወድሻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እኔ የምወደውን ሰው አይችልም ብዬ አስቤ አላውቅም።»

«እኔ መቼ አይችልም አልኩህ?»

«አልሽ እንጂ! ሁለታችሁም አላችሁ! አንቺና እናቴ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ይህ ልጅ ከመጣችበት ይወድቃል ብላችሁ ወሰናችሁ። ማን ጠየቀኝ? አንቺ የምታውቂው የዛሬ አራት ዓመቱን ልጅ ነው፣ በአንድ ነጥብ የቀረውን። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንዳነበብኩ ታውቂያለሽ? ለምን እንዳነበብኩስ?» ድምፁ ተሰበረ። «ሲያጨበጭቡልኝ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሕክምናውን፣ ዓመቱን፣ ደብዳቤዎቿን፣ ሁሉን ሰጥታዋለች፤ በምላሹ ሊያመሰግናት እንደማይገባ ለራሷ ስትነግር ኖራለች። እንዲህ ሊከፋው ይችላል ብላ ግን አንድም ቀን አላሰበችም። እሱ ወደ ቤት ሲመለስ እናቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሳይነካቸው አለፈ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩና አንዳቸው ሌላቸውን ማጽናናት አቃታቸው።

*

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ደብተሩን ይዞ ሊወጣ ሲል በሩ ተንኳኳ። ረጅሙ ነው፤ ሻንጣውን ይዟል። ጋሽ ውሃ ትናንት የሠራውን ከተረዳ ወዲህ ሴት ልጁን ቀና ብሎ ማየት አልሆነለትም ነበር። «እኔ... ቆጣሪ አለብኝ» አለና በአጠገባቸው ሹልክ ብሎ ወጣ።

የረጅሙ ዓይን አብጧል። የሷም አብጧል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ደስ እንዲለኝ ብለሽ ግን እንዳትዋሺኝ። አንዴ ደስ እንዲለኝ ብለሽ ያደረግሽው ይበቃናል።»

«ጠይቀኝ።»

«መዝገብ ቤቱ ውስጥ ፎርሙን ስታጥፊው፣ ብመጣ አሸንፈዋለሁ ብለሽ እርግጠኛ ነበርሽ?»

ውሸቱ ቀላል ነበር፤ አፏ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። «አይ፣ እርግጠኛ አልነበርኩም፣ ፈርቼህ ነበር።» ይህን ብትለው ፊቱ ይፈታል፣ ምናልባትም እጇን ይይዛታል። ግን ስታየው፣ የሚጠብቃት ልክ የታረመ የፈተና ወረቀቱ ተገልብጦ እንደተሰጠው ተማሪ ነበር። እንደገና ልታዝንለት አልደፈረችም።

«እርግጠኛ ነበርኩ» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። ቆይቶም ፈገግ አለ፤ ከዓመት በኋላ ያየችው የመጀመሪያ ፈገግታው ነው።

«እኔ ደግሞ እንደማሸንፍሽ እርግጠኛ ነበርኩ» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የምዘጋጀው ለዚያ ነበር። ኮሌጁን አስቤ አይደለም። አንድ ቀን ትመለሳለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ያኔ አሳያታለሁ ብዬ ነው። አሸንፌሽ እንኳን ደስ አለህ እንድትዪኝ ነው የፈለግኩት። ከሌላ ሰው ሳይሆን ካንቺ።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው፤ እንባዋ እየቀደማት።

«አሁን አይሆንም» አለ። «አሁንማ ማን ያውቃል።»

እውነቱን ነው። ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንደነበር ለማወቅ አንድ ዓመት ይበቃ ነበር፤ ያ ዓመት አልፏል፤ ሕክምና ኮሌጅም ሆነ መምህራን ኮሌጅ አይመልሰውም። ልጅቷ እስካሁን የሰጠችውን ብቻ ስትቆጥር ኖራለች። የወሰደችበትን ያየችው ገና አሁን ነው።

«እሄዳለሁ» አላት ሻንጣውን አንስቶ። «ብቀር ያንቺም ዓመት በከንቱ ይቀራል፣ የኔም። ግን ላመሰግንሽ ፈልጌ ሌሊቱን ሙሉ ሞከርኩ፤ አቃተኝ።»

«ተወው። ምስጋና አይደለም የምፈልገው።»

«ጻፊልኝ አልልሽም። ከጻፍሽ ግን አነበዋለሁ።»

እስከ መንገዱ ጠርዝ አየችው። እናቱ እዚያ ይጠብቁት ነበር፤ ትንሹን ቦርሳ ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ፣ ጥቂት ካመነታ በኋላ ሰጣቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሳይነጋገሩ ሄዱ። ረጅምነቱ ለመጥፋት ጊዜ ወሰደበት፤ ከአጥሩ በላይ፣ ከሰዎች ራስ በላይ፣ ማዶ ካለው የእንጨት መሸጫ በላይ ጭንቅላቱ ይታይ ነበር። ከዚያ አልታየም።

ቤቱ ጭር ብሎ ጠበቃት። ጠረጴዛው ላይ የአባቷ የቁርስ ሳህን እንዳለ ነው። ሳህኑን ገፋ አድርጋ ወረቀት አወጣች። እጇ ከአንድ ዓመት በኋላ ለሱ መጻፍ ከብዶታል።

«ምናልባት ታሸንፈኝ ነበር» ብላ ጻፈች። አየችው። እውነት ይሁን ውሸት አላወቀችም፤ ያላወቀችውን ደግሞ ከእንግዲህ ልትጽፍለት አትፈልግም። ቀደደችው። በሌላው ወረቀት ላይ «ይቅርታ አድርግልኝ» አለች፤ ይህም ትንሽ መሰላትና ቀደደችው። ሦስተኛው ወረቀት ፊቷ ባዶውን ብዙ ቆየ። እሷ የምታውቀው፣ ማንም ሳይደምርላት፣ በማንም መዝገብ ሳይጻፍላት እርግጠኛ የሆነችበት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ናፍቀኸኛል» ብላ ጻፈች።

ረጅሙ የተሳፈረበት አውቶቡስ ገና ከከተማው አልወጣም ነበር።